ፕሮጀክተር ከመግዛታችሁ በፊት ሸራው ላይ የሚወድቀውን ብርሃን ለኩ

ትንንሽ የትያትር ቡድኖች ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ይመጡልኛል። «ገንዘብ የለንም፤ ግን ከተዋንያኑ ጀርባ ምስል እንፈልጋለን። ስንት ሉመን እንግዛ?» ይሉኛል። ሉመን ፕሮጀክተሩ የሚያወጣው ጠቅላላ ብርሃን መለኪያ ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ምስሉ ስንት ሜትር ይሰፋል? ፕሮጀክተሩ የት ይሰቀላል? ተዋናዩ ከሸራው ምን ያህል ርቆ ይቆማል? የመድረኩ መብራት ከየት ነው የሚመጣው? ይህ ሳይታወቅ ሉመን መምረጥ እግር ሳይለኩ ጫማ መግዛት ነው።

አብዛኛው ሥራዬ በጀታቸው ጠባብ ከሆነ ቡድኖች ጋር ነው። እወደዋለሁ። ገንዘብ ሲያንስ ሰው ስለ ብርሃን በደንብ ማሰብ ይጀምራል። እኔም ከዚህ ሥራ የያዝኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ በትንሽ ገንዘብ ጥሩ ምስል የሚገኘው ጉልበተኛ ፕሮጀክተር በማሳደድ አይደለም። ሸራው ላይ ያለ ቦታው የሚወድቀውን የመድረክ መብራት በመቀነስ ነው።

ሂሳቡን ላሳያችሁ፤ ቀላል ነው። የፕሮጀክተሩን ሉመን ለምስሉ ስፋት በካሬ ሜትር ስታካፍሉት ሸራው ላይ የሚያርፈውን ብርሃን በሉክስ ታገኛላችሁ። ምስሉ 4 ሜትር በ3 ሜትር ከሆነ 12 ካሬ ሜትር ነው። 3000 ሉመን ለ12 ሲካፈል 250 ሉክስ። አሁን የትዕይንቱ መብራት ሲበራ 60 ሉክስ የሚሆን ትርፍ ብርሃን ሸራው ላይ ያርፋል እንበል። የምስሉ ነጭ ቦታ 310 ሉክስ ይሆናል። ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ ደግሞ 60 ሉክስ አለው። ልዩነታቸው አምስት እጥፍ ብቻ ነው። ምስሉ ገርጥቶ፣ ጥቁሩ አመድ መስሎ ይታያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው እጥፍ የሚያበራ ፕሮጀክተር መፈለግ ይጀምራል። 6000 ሉመን ቢገዛ ነጩ 560 ይሆናል፤ ጥቁሩ ያው 60 ነው። ልዩነቱ ወደ ዘጠኝ እጥፍ አደገ። ደህና፤ ዋጋውም ግን አብሮ ወደ ላይ ወጣ። አሁን የድሮውን 3000 ሉመን ሳንነካ መብራቶቹን ብቻ አስተካክለን 60ውን ወደ 15 እናውርደው። ነጩ 265፣ ጥቁሩ 15። ልዩነቱ 18 እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ትርፍ ብርሃኑን ሳይቀንሱ ይህንኑ ልዩነት በፕሮጀክተር ጉልበት ብቻ ለማምጣት 12,000 ሉመን ያስፈልጋል። 12,000 ሉመን የሚሰጥ ማሽን ለትንሽ ቡድን የማይታሰብ ነው። መብራት ማዞር ግን መሰላልና አንድ ከሰዓት ብቻ ይጠይቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ። ብዙዎቹ አንድሮይድ ስልኮች የብርሃን ሴንሰር አላቸው፤ ነፃ የሉክስ መለኪያ አፕ ጫኑበት። ሸራው በሚዘረጋበት ቦታ ላይ ስልኩን ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙራችሁ ያዙት። የትዕይንቱ መብራት ልክ በዝግጅቱ ቀን እንደሚሆነው ይብራ። ግራ፣ ቀኝ፣ መሃል፣ ከላይና ከታች እየተዘዋወራችሁ ቁጥሩን ጻፉ። የስልክ ልኬት እንደ ባለሙያ መሣሪያ ትክክለኛ አይደለም፤ አንዱን ቦታ ከሌላው፣ የቅድሙን ከአሁኑ ለማወዳደር ግን ከበቂ በላይ ነው። አንዳንዴ አንዱ ጥግ ላይ ቁጥሩ በድንገት ይዘላል። ወደ ኋላ ዞር ብላችሁ ስታዩ ምንጩ አንድ መብራት ብቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ትርፍ ብርሃኑ እንዴት ይቀነሳል? ከርቀቱ ጀምሩ። የፊት መብራቱ ከላይ በ45 ዲግሪ ሲወርድ፣ 1.8 ሜትር ቁመት ያለውን ተዋናይ አናት ታክኮ የሚያልፈው ጨረር ከኋላው 1.8 ሜትር ላይ ወለሉን ይመታል። ተዋናዩ ከሸራው 2 ወይም 2.5 ሜትር ርቆ ከቆመ ጨረሩ ወለሉ ላይ ይቀራል፤ ሸራው ጋ አይደርስም። ከአናቱ በላይ የሚተርፈውን ደግሞ በመብራቱ ሻተር (ጨረሩን በሚገድቡት የብረት ምላሶች) ቁረጡት። መብራቱ ከአዳራሹ ጀርባ ዝቅ ብሎ ፊት ለፊት የሚመጣ ከሆነ ግን ተዋናዩ የትም ቢቆም ብርሃኑ ሸራው ላይ ይለጠፋል። እንዲህ ያለውን መብራት በዚያ ትዕይንት አጥፉት፤ ካልሆነም እጅግ አደብዝዙት።

ሌላው የጎን መብራት ነው። ከመድረኩ ግራና ቀኝ የሚቆሙ መብራቶች ተዋናዩን አብርተው በወዲያኛው ጎን ይወጣሉ። ሸራውን አይነኩትም። የዳንስ ሰዎች የጎን መብራት የሚወዱት የሰውነትን ቅርጽ ስለሚያጎላላቸው ነው። ለእኛ ደግሞ ሸራውን ንጹሕ አድርጎ ስለሚተውልን ነው የምንወደው። ወለሉንም አትርሱ። ነጣ ያለ ወይም የሚያብረቀርቅ ወለል የወደቀበትን ብርሃን ሁሉ መልሶ ወደ ሸራው ይረጫል። ጥቁርና የማያብረቀርቅ ወለል ይህን ይውጠዋል።

የተዋናዩ ብርሃንም መውረድ አለበት። ፊቱ ላይ 800 ሉክስ ካለ 250 ሉክስ ያለው ምስል አጠገቡ ሞቶ ይታያል። ፊቱን ወደ 300 ብታወርዱት የተመልካቹ ዓይን በጥቂት ደቂቃ ይለምደዋል፤ ምስሉም ነፍስ ይዘራል። ይህ እንግዲህ የመብራት ባለሙያው ፈቃድ ነው። ፕሮጀክተር ሳይገዛ በፊት ከእሱ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል። መብራቱ ተሰቅሎ ካለቀ በኋላ «ቀንስልኝ» ማለት ጠብ ነው የሚያመጣው። መጀመሪያውኑ ካማከራችሁት ግን ከሁላችሁም የተሻለ መላ የሚያመጣው እሱ ነው።

አሁን ስለ ምስሉ መጠን ላውራ። ገንዘብ በብዛት የሚባክነው እዚህ ነው። የምስሉን ወርድ እጥፍ ስታደርጉት ብርሃኑ በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ይቀንሳል። ስታሳንሱትም እንደዚያው ነው፤ ወርዱን በግማሽ ብትቀንሱ ብርሃኑ አራት እጥፍ ያድጋል። ያለ ምንም ወጪ።

አንዲት አዘጋጅ የኋላው ግድግዳ በሙሉ ባሕር እንዲሆን ፈልጋ ነበር። 8 ሜትር በ4.5 ሜትር። የነበረን ፕሮጀክተር ያገለገለ፣ 3000 ሉመን የሚል ነው። 3000 ለ36 ሲካፈል 83 ሉክስ። «ስሚኝ የኔ እህት» አለችኝ፤ «ሴትዮዋ ባሕሩን ካላየች ለምን እንደምታለቅስ ተመልካቹ አይገባውም።» ልክ ነበረች፤ ባሕሩ መቅረት የለበትም። ግን ሴትዮዋ ባሕሩን የምታየው ከቤት ውስጥ ሆና ነው። ቀጭን ጣውላ ገጣጥመን 2 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነ የመስኮት ፍሬም ሠራን። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ወጥረን በምስማር መታንበት። ዙሪያውን በጥቁር ጨርቅ ሸፈንነው። ፕሮጀክተሩን ከአዳራሹ ጀርባ አውርደን ከመስኮቱ 3 ሜትር ላይ ከራስ በላይ ሰቀልነው። 3000 ለ3 ሲካፈል 1000 ሉክስ ነው።

የፊት መብራቱን አጥፍተን ከጎን አንድ መብራት ብቻ ተውን። ተዋናይዋ መጥታ ከመስኮቱ ጎን ስትቆም የማዕበሉ ሰማያዊ ጉንጯ ላይ ይንቀሳቀስ ጀመር። ማንም ያላሰበው ነገር ነው። ጨርቁ ብሩህ ስለሆነ ብርሃኑ ተመልሶ ፊቷ ላይ አረፈ። አዘጋጇ ከወንበሯ ተነስታ ወደ መድረኩ ቀረበችና ለረጅም ጊዜ አየችው። «ግድግዳውን ተዪው» አለችኝ፤ «ይኸው ባሕሩ።»

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ምስሉን ኮምፒውተር ላይ ማሳነስ ይህን ጥቅም አይሰጥም። በሶፍትዌር ስታሳንሱት ፕሮጀክተሩ ብርሃኑን ያው በሙሉው ስፋት ይበትነዋል፤ የቀረው ቦታ ጥቁር ሆኖ ይባክናል። ብርሃኑ የሚሰበሰበው ፕሮጀክተሩን ስታቀርቡት ወይም የሌንሱን ዙም ስታጠቡት ነው።

ይህ ወደ ርቀት ይወስደናል። ፕሮጀክተር ስትመርጡ መመሪያው ላይ ስሮው ሬሾ የሚለውን ቁጥር ፈልጉ። ርቀት ለምስል ወርድ ሲካፈል ማለት ነው። ቁጥሩ 1.5 ከሆነ 4 ሜትር ወርድ ለማግኘት 6 ሜትር መራቅ አለባችሁ። ከ1.3 እስከ 1.6 የሚል ዙም ካለው ለዚያው 4 ሜትር ከ5.2 እስከ 6.4 ሜትር ባለው ክልል ውስጥ የትም ልትሰቅሉት ትችላላችሁ። 0.5 የሆነ ሾርት ስሮው ደግሞ በ2 ሜትር ርቀት 4 ሜትር ወርድ ይሰጣል። ስለዚህ ሜትር ይዛችሁ አዳራሹ ውስጥ ግቡ። የሚሰቀልበትን ብረት ቁመት፣ እስከ ሸራው ያለውን ርቀት፣ የሸራውን ወርድ ለኩ። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ገበያ ላይ ካለው ዕቃ አብዛኛውን ገና ከቤት ሳትወጡ ያስወግዱላችኋል።

የተዋናዩ ጥላም የሚፈታው በዚሁ ልኬት ነው። ሌንሱ 5 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከሸራው 6 ሜትር ርቆ ተሰቅሏል እንበል። የምስሉ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ 1 ሜትር ከፍ ብሏል። ወደዚያ ጠርዝ የሚወርደው ጨረር ከሸራው ሜትር በተራቀ ቁጥር 67 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከሸራው 1 ሜትር ከምናምን ራቅ ብሎ የቆመ፣ 1.7 ሜትር ቁመት ያለው ተዋናይ ከጨረሩ ሥር ነው ማለት ነው። ጥላው ምስሉ ላይ አይወድቅም። ቅድም ለመብራቱ ብለን 2 ሜትር አርቀነው የለ? በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው።

ከፍ ብሎ የተሰቀለ ፕሮጀክተር ምስሉን ወደ ታች እያሰፋ ያጣምመዋል። ይህን የሚያስተካክለው ኪስቶን የሚባለው ቅንብር ነው፤ እኔ ግን በቁጠባ ብትጠቀሙበት እመርጣለሁ። ኪስቶን ምስሉን አስተካክሎ ሲቆርጠው ብርሃንም ዝርዝርም ይቀንሳል፤ የተቆረጠውም ቦታ በጨለማ ውስጥ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ሌንስ ሺፍት ያለው ፕሮጀክተር ሌንሱን ራሱን ከፍና ዝቅ ስለሚያደርግ ምንም አያባክንም። ዋጋቸው ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት ዕቃዎች ቢቀርቡልኝ፣ አንዱ 500 ሉመን ቢበልጥ፣ ሌላው ሌንስ ሺፍት ቢኖረው፣ ሌንስ ሺፍት ያለውን እወስዳለሁ።

እንግዲህ ወደ ግዢው። በኢንተርኔት የሚሸጡትን በጣም ርካሽ፣ ትንንሽ የኤልኢዲ ፕሮጀክተሮች ለመድረክ አልመክርም። ካርቶናቸው ላይ 9000 ሉመን የሚል ታያላችሁ። እኔ ዘንድም እንዲህ የተጻፈበት አንድ መጥቶ ነበር። መጋረጃ ዘግተን ስናበራው ከአሮጌው ባለ 3000 ጋር ጎን ለጎን የሚቀርብ አልነበረም። ሊታመን የሚችለው ቁጥር አንሲ ሉመን የሚል ወይም በአይኤስኦ 21118 ዓለም አቀፍ መስፈርት የተለካ ነው። የአንሲ ልኬት ምስሉን በዘጠኝ ክፍል ከፍሎ የእያንዳንዱን ብርሃን ለክቶ አማካዩን ይወስዳል። ዝም ብሎ «ሉመን» ወይም «የኤልኢዲ ሉመን» የሚል ብቻ ከሆነ፣ ትክክለኛው ከጥቂት መቶዎች ላያልፍ ይችላል። «1080ፒ ይቀበላል» የሚለውም ሌላ ነው። መቀበል ማለት ማሳየት አይደለም። ኔቲቭ ሬዞሉሽኑ (ማሽኑ ራሱ በእውነት የሚያሳየው የነጥብ ብዛት) ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ሬዞሉሽን ካነሳሁ አይቀር፣ ለመድረክ ያን ያህል አትጨነቁለት። ተመልካቹ ሩቅ ነው፤ ጨርቁም የራሱ ሸካራነት አለው። 1024 በ768 የሚያሳይ ግን በደንብ የሚያበራ አሮጌ ፕሮጀክተር ደብዘዝ ካለ ሙሉ ኤችዲ ይሻለኛል። ምስሉ ውስጥ የሚነበብ ደቃቅ ጽሑፍ ካለ ብቻ ሐሳቤን እቀይራለሁ።

የእኔ ምርጫ ከቢሮ ወይም ከስብሰባ አዳራሽ የወጣ ያገለገለ ፕሮጀክተር ነው። ቢሮዎች አዲስ ሲገዙ የሚያወጡት ዕቃ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ሄዳችሁ ስታዩት ግን አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ የአምፖሉን ሰዓት እዩ። የሜርኩሪ አምፖሎች እንደ ሞዴሉና እንደ አጠቃቀሙ ከ2000 እስከ 5000 ሰዓት ይሰጣሉ፤ ዕድሜያቸው ሲያልቅ ብርሃናቸው ከአዲስነታቸው ወደ ግማሽ ይወርዳል። 3000 የሚል ፕሮጀክተር ባረጀ አምፖል 1500 ነው ብላችሁ አስሉ። አዲስ አምፖል ዛሬም ይገኝለት እንደሆነ፣ ዋጋውም ስንት እንደሆነ ለፕሮጀክተሩ ከመክፈላችሁ በፊት አጣሩ። አንዳንዴ አምፖሉ ከማሽኑ ይበልጥ ይወደዳል። ማስመሰያ አምፖሎች ርካሽ ናቸው፤ ቶሎ ስለሚደበዝዙ ግን ለመጠባበቂያ እንጂ ለዝግጅት ቀን አላምናቸውም። የሌዘር ፕሮጀክተር 20,000 ሰዓት ገደማ ይሄዳል፤ ያገለገለ ሌዘር በበጀታችሁ ካገኛችሁ አትለፉት።

ከዚያ በስልካችሁ ወይም በላፕቶፕ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስል እያሳያችሁ እዩት። በብዛት የምታገኟቸው ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ብርሃንን በፓነል ውስጥ የሚያሳልፉ ኤልሲዲዎችና በጥቃቅን መስታወቶች የሚያንጸባርቁ ዲኤልፒዎች። ነጩ ላይ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ጥላ ካለ የኤልሲዲ ፓነሎቹ ወይም ፖላራይዘሮቹ (ብርሃን የሚያጣሩት ስስ ሽፋኖች) አርጅተዋል። ጥቁሩ ላይ ብዙ ነጫጭ ነጥቦች ከታዩ የዲኤልፒ ቺፑ እየሄደ ነው። ፎከሱን አጥፍታችሁ ስታዩ ደብዛዛ ክብ ነገሮች ብቅ ካሉ ውስጡ አቧራ አለ። ለአንድ ሰዓት ያህል ሲሠራ አቆዩት፤ ሙቀት የሚያመጣቸው ችግሮች በአምስት ደቂቃ አይታዩም። ጆሯችሁንም አቅኑ። ተመልካች አናት ላይ የሚሰቀል ከሆነ የፋኑ ድምፅ በጸጥታ ትዕይንት ላይ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ኤልሲዲ ይሁን ዲኤልፒ? የዲኤልፒ ቺፕ በሺህ የሚቆጠሩ ሳይሆን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን መስታወቶችን እያገላበጠ ነው ምስል የሚሠራው፤ ላሪ ሆርንቤክ በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እ.ኤ.አ. በ1987 የፈጠረው ነው። ጥቁሩ ብዙ ጊዜ ከኤልሲዲ ይሻላል። ነገር ግን ርካሾቹ አንድ ቺፕ ብቻ ስላላቸው ቀለሙን በሚሽከረከር ባለቀለም የመስታወት ጎማ ተራ በተራ ያወጡታል። ጎማው ላይ ነጭ ክፍል ካለ የተጻፈው ሉመን ለነጭ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ደማቅ ቀይና ሰማያዊ ከዚያ በጣም ዝቅ ብለው ይታያሉ። ሦስት ፓነል ያላቸው ኤልሲዲዎች የቀለማቸውና የነጫቸው ጉልበት እኩል ነው። ስለዚህ ምስላችሁ በቀለም የተሞላ ከሆነ ኤልሲዲ፣ ጥቁር ዳራ ላይ የሚንሳፈፍ ነጭ ነገር ከሆነ ዲኤልፒ። እኔ በዚህ ነው የምሄደው።

አሁን ብዙ ሻጭ የማይነግራችሁን ላንሳ። ፕሮጀክተር ጥቁር ማውጣት አይችልም። ጥቁር ምስል ስትልኩለት የሚያወጣው ደብዛዛ ግራጫ ነው። ቢሮ ውስጥ ማንም አያየውም። መድረክ ላይ ግን መብራት ሁሉ ጠፍቶ ተዋናይዋ በጨለማ እየወጣች ሳለ ከኋላዋ አንድ ግራጫ አራት ማዕዘን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያን ጊዜ የተሠራው ጨለማ ሁሉ ይፈርሳል። አምፖሉን ማጥፋት አይቻልም፤ እስኪቀዘቅዝና እንደገና እስኪነሳ ደቂቃዎች ይፈጃል። ሪሞቱ ላይ ያለው ምስል ማጥፊያ ቁልፍም አንዳንዶቹ ላይ በእውነት ሌንሱን ይዘጋል፤ ሌሎቹ ላይ ጥቁር ምስል ብቻ ነው የሚልከው። ስትገዙ በጨለማ ክፍል ውስጥ ተጭናችሁ እዩት።

መፍትሔው በእጅ የሚሠራ መዝጊያ ነው። የእኔ ከስስ ቆርቆሮ የተቆረጠ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ በማያብረቀርቅ ጥቁር የተቀባ ነው። በትንሽ ማጠፊያ ከሌንሱ ፊት፣ ከመስታወቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቆ ይንጠለጠላል። ማጠፊያው ያለው ለብቻው በቆመ ቅንፍ ላይ ነው፤ የፕሮጀክተሩን ሳጥን አይነካም፣ የአየር መግቢያና መውጫውንም አይሸፍንም። ካርቶን የማልጠቀመው እዚያ ጋ ጨረሩ ጠባብና ሙቅ ስለሆነ ነው። ሲባጎው በብረቱ ላይ ተስቦ የመድረክ አስተዳዳሪው መቀመጫ ድረስ ይመጣል። ሲስበው ይከፈታል፤ ሲለቀው በራሱ ክብደት ይዘጋል። ማጠፊያው እንዳይንቋቋ የጨርቅ ቁራጭ ለጥፌበታለሁ። ኤሌክትሮኒክስ የሚችል ልጅ በቡድናችሁ ካለ በትንሽ ሰርቮ ሞተርና አርዱይኖ በሚባል ትንሽ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ይሠራላችኋል። የሲባጎውም ግን ሁልጊዜ ይታዘዛል።

ሸራው ላይ ብዙ አልቆይም። ነጭ የጥጥ ጨርቅ በደንብ ተወጥሮ ከተሰፋ ለፊት ምስል በቂ ነው፤ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ አድርጉበት፣ ብርሃን እንዳያሳልፍ። ከኋላ ማብራት ከፈለጋችሁ ጥላ አይኖርም፤ ግን ከሸራው ጀርባ የፕሮጀክተሩን ርቀት የሚያህል ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፣ ምስሉም በቅንብር መገልበጥ አለበት። ዘዴው አዲስ አይደለም። በ1790ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ኤቲየን ጋስፓር ሮበርት የተባለ ሰው ፋኖሱን ጎማ ላይ አድርጎ ከሸራ ጀርባ እያቀረበና እያራቀ መናፍስትን ያሳድግና ያሳንስ ነበር። ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ የመታጠቢያ ቤት ፕላስቲክ መጋረጃ ለዚህ ይሆናል። ሌንሱ በመጋረጃው ውስጥ እንደ ብሩህ ነጥብ ከታየ ፕሮጀክተሩን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጋችሁ ከተመልካቹ የዓይን መስመር አውጡት።

አንድ የምር የምወደው ነገር አለ፤ ሳልናገረው አላልፍም። ምስላችሁ መንቀሳቀስ ከሌለበት ቪዲዮ ፕሮጀክተር ባትገዙስ? ትምህርት ቤቶች የጣሉት ኦቨርሄድ ፕሮጀክተር፣ ማለትም ጠፍጣፋ መስታወቱ ላይ የተቀመጠውን ምስል ከሥር አብርቶ ግድግዳ ላይ የሚያጎላው መሣሪያ፣ ዛሬ በነፃ ሊገኝ ይችላል። በላስቲክ ወረቀት ላይ በቀለም የሳላችሁትን ግድግዳ ሙሉ ያደርገዋል። ግልጽ የመስታወት ሳህን ላይ ጥቂት ውሃ አድርጋችሁ ቀለም ስታንጠባጥቡበት የሚወጣውን እንቅስቃሴ የትኛውም ቪዲዮ አይሰጣችሁም፤ ሠሪው በየምሽቱ ከተዋናዩ ትንፋሽ ጋር አብሮ ያስኬደዋል። ጨለማ ሲፈለግም መስታወቱን በካርቶን መሸፈን ይበቃል። ግራጫ አራት ማዕዘን የለም። ውሃው ኤሌክትሪኩ ላይ እንዳይፈስ ብቻ ተጠንቀቁ፤ ሳህኑ ጠርዙ ከፍ ያለ ይሁን።

ከዚያም የሚቀል አለ። በጀርመናዊው አዶልፍ ሊነባክ ስም የሚጠራው ፋኖስ ሌንስ እንኳ የለውም። በጥቁር ሳጥን ውስጥ አንድ ትንሽ፣ ጠንካራ የብርሃን ነጥብ፣ ፊቱ ላይ የተሳለ መስታወት፤ ሌላ ምንም የለም። ጠርዙ ለስለስ ያለ ተራራ፣ ደመና፣ የዛፍ ጥላ ያወጣል። ለቅጠል ጥላና ለመስኮት ፍርግርግ ደግሞ ጠርዙ ጥርት ያለ ጨረር በሚያወጣው ፕሮፋይል መብራት ውስጥ የሚገባ ጎቦ፣ ማለትም ቅርጽ ያለበት ስስ ሳህን፣ አለ። መብራቱ ኤልኢዲ ከሆነ ሙቀቱ ዝቅተኛ ስለሆነ በላስቲክ ላይ የታተመ ምስል የሚቀበሉ ሞዴሎች አሉ፤ መመሪያውን እዩ። በድሮዎቹ ሙቅ መብራቶች ውስጥ ላስቲክ ይቀልጣል፤ ለእነሱ ብረት ወይም መስታወት ብቻ። የስላይድ ፕሮጀክተርም ያገለገለ ይገኛል፤ ኮዳክ ማምረቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2004 ስለሆነ ግን አምፖሉን አስቀድማችሁ ፈልጉ።

ቪዲዮ ከሆነ ምርጫችሁ፣ ለኬብል ገንዘብ አስቀሩ። ተራ የኤችዲኤምአይ ኬብል ከ10 ሜትር በላይ ሲሄድ መቆራረጥ ሊጀምር ይችላል። ከዚያ በላይ ከሆነ በኔትወርክ ኬብል የሚያስተላልፍ ኤክስቴንደር ግዙ። ፕሮጀክተሩን በፍጹም ዲመር (የመብራት ማደብዘዣ) ላይ አትሰኩት፤ ይበላሻል። ቀጥተኛ፣ የማይደበዝዝ መስመር ስጡት። ሲሰቀልም ከዋናው ማያያዣ ሌላ የብረት መጠባበቂያ ገመድ ይታሰርበት፤ ከሥሩ ሰው ነው የሚሠራው።

ከሜኑው ውስጥ የመነሻ ሎጎውን፣ በራሱ መጥፋትን፣ ሲግናል ፍለጋን አጥፉ፤ ሲግናል ሲጠፋ የሚመጣውን ሰማያዊ ዳራ ወደ ጥቁር ቀይሩት። የላፕቶፑን ማሳወቂያዎችና ስክሪን ሴቨር ዝጉ፣ የሁለተኛውን ስክሪን ዳራ ጥቁር አድርጉ። ለማጫወት ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ምስሎቹ ጥቂት ከሆኑ በመካከላቸው ጥቁር ገጽ የገባበት ፓወርፖይንት ይበቃል። ኦቢኤስ የሚባለው የቪዲዮ ፕሮግራምም ነፃ ነው። ለመድረክ ተብሎ የተሠራው ኪውላብ የሚባል ፕሮግራም በጣም ጥሩ ነው፤ የሚሠራው ግን ማክ ላይ ብቻ ነው፣ ፈቃዱንም ለዝግጅቱ ቀናት ብቻ መከራየት ይቻላል።

ፕሮጀክተሩን ራሱንም መከራየት አስቡበት። ዝግጅቱ ለጥቂት ምሽት ብቻ የሚታይ ከሆነ፣ ለልምምድ ደብዛዛ የሆነ ማንኛውንም ተጠቅማችሁ ለዝግጅቱ ጥሩውን ተከራዩ። ከመከራየታችሁ በፊት ስሮው ሬሾው ከለካችሁት ርቀት ጋር እንደሚገጥም አረጋግጡ፤ አከራዩም የትዕይንቱ መብራት በርቶ በሚደረገው የመጨረሻ ልምምድ ላይ ዕቃውን እንዲያመጣላችሁ ከመጀመሪያው ተዋዋሉ።